እህታችን ቤቱን መሸጧን አምናለች፤ እኛ በየትኛው በር እንግባ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ከወላጆቻችን በውርስ ያገኘነው ቤት አለ። ሦስት ልጆች ነን፤ ቤቱን ገና አልተከፋፈልንም። አንድ ሰው ቤቱን ከእህታችሁ ገዝቻለሁ፣ ታስረክበኝ ብሎ እሷን ብቻ ከሰሳት። እሷም በመልሷ መሸጧን አምናለች። መዝገቡ ለሚቀጥለው ወር ተቀጥሯል። አንዱ ምስክር ሁኑ ይለናል፤ ሌላው ጣልቃ ግቡ ይለናል፤ ሌላው ደግሞ እናንተ ሦስተኛ ወገን ስለሆናችሁ አሁን አይመለከታችሁም፣ ፍርዱ ሲወጣ ትቃወማላችሁ ይለናል። ታናሽ ወንድሜ ውጭ አገር ነው። ልዩነታቸው ምንድን ነው? የቱን እንያዝ?»

ጠያቂያችን፣ መልሱን ላስቀድም። ለእርስዎ የሚሆነው ጣልቃ መግባት ነው፤ እሱም ከሚቀጥለው ቀጠሮ በፊት መሆን አለበት። ምስክር ሁኑ ያላችሁ ሰው በቅንነት ተናግሮ ይሆናል፤ ነገር ግን እህትዎ ክሱን ካመኑ ምስክር የሚሰማበት ቀን ጨርሶ ላይመጣ ይችላል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 242 መሠረት አንድ ተከራካሪ የተጠየቀውን ሲያምን ፍርድ ቤቱ ማስረጃ መስማት ሳያስፈልገው በእምነቱ ላይ ተመርኩዞ ፍርድ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ የሚቀጥለው ወር ቀጠሮ ለክርክር ነው ብለው ሲጠብቁ ፍርድ ተነቦ ሊያገኙት ይችላሉ።

ቃላቱን ለመለየት መነሻው «ተከራካሪ» ማን እንደሆነ ማወቅ ነው። አንድ የፍትሐ ብሔር መዝገብ ሲከፈት በውስጡ ያሉት ከሳሽና ተከሳሽ ናቸው። በቁጥር 33 መሠረት ከሳሽ ለመሆን በክርክሩ ጉዳይ ላይ መብት ወይም ጥቅም ሊኖርዎት ይገባል፤ ተከሳሽ የሚሆነውም ከሳሹ አንዳች ነገር የሚጠይቀው ሰው ነው። ከእነዚህ ውጭ ያለው ሁሉ ለዚያ መዝገብ ሦስተኛ ወገን ነው፤ ጎረቤቱም፣ አበዳሪውም፣ ወንድምና እህቱም። ሦስተኛ ወገን መሆን ማለት እንግዲህ ገና አልገቡም ማለት ነው፤ አይመለከትዎትም ማለት አይደለም። ሦስተኛው መካሪ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ስህተቱ የሚመጣው «ሦስተኛ ወገን» የሚለው አነጋገር በየሕጉ ሌላ ሌላ ሰው ስለሚያመለክት ይመስለኛል። በውል ሕግ ውሉን ያልፈረመው ነው፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1952 ውል በተዋዋዮቹ መካከል ብቻ ውጤት እንዳለው ይደነግጋል (ቁጥሩና ዓመቱ አንድ ስለሆኑ ለማስታወስ ይቀላል)። በተሽከርካሪ መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ደግሞ ሦስተኛ ወገን የሚባለው መኪናው የገጨው ሰው ነው፤ የመድን ውሉን የፈረሙት ባለመኪናውና መድን ሰጪው ናቸውና። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 43 ደግሞ ተከሳሹ «የተፈረደብኝን የሚሸፍንልኝ እሱ ነው» ብሎ ወደ መዝገቡ የሚጎትተው ሰው ነው። በአንድ የመኪና አደጋ ክስ ውስጥ ተጎጂው በመድን ሕጉ ቋንቋ ሦስተኛ ወገን ሆኖ ሳለ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ከሳሽ ነው፤ በዚያው መዝገብ በቁጥር 43 ሦስተኛ ወገን የሚሆነው መድን ድርጅቱ ነው። አንድ ሰው «ሦስተኛ ወገን ነህ» ሲልዎት «በየትኛው ሕግ?» ብለው ይጠይቁት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ቁጥር 41 ልምጣ። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በዚህ ቁጥር የሚለው አጭር ነው፦ በሌሎች ሰዎች መካከል ባለ ክርክር ጥቅም ያለው ማንኛውም ሰው ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት በማናቸውም ጊዜ ጣልቃ ሊገባ ይችላል። መግባት የሚፈልገው ሰው በጽሑፍ ያመለክታል፤ በማመልከቻውም ጥቅሙ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሆነና ለምን መግባት እንዳስፈለገው ያሳያል። ጣልቃ ገብ ማለት ይህ ሰው ነው፤ ማንም ሳይጠራው በራሱ ፈቃድ መጥቶ፣ በፍርድ ቤቱ ፈቃድ የሚገባ ተከራካሪ።

ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው «ጥቅም» በሚለው ቃል ላይ ነው። ጥቅም ሲባል የፍርዱ ውጤት የእርስዎን መብት በቀጥታ የሚነካ መሆን አለበት። እህትዎን ስለሚወዱ እሷ ብትሸነፍ ያዝናሉ፤ ይህ ጥቅም አይደለም። ለእህትዎ ገንዘብ ያበደረ ሰው ቤቱ ከእጇ ከወጣ የምትከፍለኝ ታጣለች ብሎ ቢሰጋ ስጋቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን መብቱ ገንዘቡ ላይ እንጂ ቤቱ ላይ አይደለም፤ ቤቱን በመያዣ ካልያዘው በቀር በዚህ ክርክር ውስጥ ቦታ ማግኘቱ ያጠራጥራል። የእርስዎ ሁኔታ ከዚህ ይለያል። ቤቱ ካልተከፋፈለ የጋራ ሀብት ነው። አንዱ የጋራ ባለሀብት የራሱን ድርሻ ማስተላለፍ ይችላል፤ ሙሉውን ቤት ለመሸጥ ግን የሁሉም ስምምነት ያስፈልጋል። እህትዎ ያመኑት የእርስዎንና የወንድምዎን ድርሻ ጭምር ነው፤ በሌላ ሰው ድርሻ ላይ የሚሰጥ እምነት ደግሞ ያንን ሰው ሊያስገድድ አይገባም። ፍርድ ቤቱ ይህን የሚያውቀው የሚነግረው ሲኖር ነው። አሁን በመዝገቡ ያሉት ሁለት ሰዎች ሁለቱም በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ እርስዎ መኖርዎን የሚያነሳ ማንም የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። እህትዎን በምንም አልጠረጥርም፤ ምናልባት ቤቱ የእኔ ነው ብለው ከልብ አምነው ሊሆን ይችላል። ግን ከሳሽና ተከሳሽ ተመካክረው የሚያቀርቡት የይስሙላ ክስ በቤትና በቦታ ጉዳይ የታወቀ ነገር ነው። አንዱ ይከሳል፣ ሌላው ያምናል ወይም ይታረቃል፤ ዕርቁ በፍርድ ቤት ይጸድቅና በገበያ የማይሸጥ የነበረው ቤት በፍርድ ስም ይተላለፋል። የቁጥር 41 ዋና ጥቅሙ እንዲህ ያለ ጊዜ ላይ ነው። ስለዚህ በማመልከቻዎ ላይ እህትዎን ሳይወነጅሉ፣ የእሷ እምነት የእርስዎን ድርሻ እንደማይመለከት ብቻ ይጻፉ። ማጭበርበር ነው ብለው ከጻፉ ማስረዳት የእርስዎ ሸክም ይሆናል፤ ለማሸነፍ ግን አያስፈልግዎትም።

ማመልከቻው እንዴት ይጻፍ? ዋናው አንቀጽ ይህን ሊመስል ይችላል፦

«አመልካች የሟች ወላጆቻችን ልጅና ወራሽ ስሆን፣ ክርክር የተነሳበት ቤት ከተከሳሽና ከሌላው ወንድማችን ጋር በውርስ የተላለፈልን ያልተከፋፈለ የጋራ ሀብት ነው። ተከሳሽ ያለ እኔ ስምምነት ሙሉውን ቤት ለከሳሽ ሸጫለሁ በማለት የሰጠችው የእምነት ቃል በቤቱ ላይ ያለኝን አንድ ሦስተኛ ድርሻ የሚነካ ነው። ፍርዱ እኔ ሳልሰማ ቢሰጥ መብቴ ስለሚጎዳ፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 41 መሠረት ጣልቃ ገብቼ እንድከራከር እንዲፈቀድልኝ አመለክታለሁ።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ ሕጉ የጠየቃቸው ሦስቱ ነገሮች አሉ፦ የጥቅሙ ዓይነት (የጋራ ባለሀብትነት)፣ መጠኑ (አንድ ሦስተኛ) እና ምክንያቱ (ሳይሰሙ መፈረዱ)። መጠኑን መጻፍ የሚዘነጋ ሰው ብዙ ነው። ከማመልከቻው ጋር በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 996 መሠረት የተሰጠ የወራሽነት ማረጋገጫ እና ቤቱ በወላጆችዎ ስም መሆኑን የሚያሳይ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ወይም ሌላ ሰነድ ያያይዙ። የወራሽነት ማረጋገጫ ገና ካላወጡ ዛሬውኑ ማመልከቻውን ይጀምሩ፤ ሲደርስ አቀርባለሁ ብለው በጣልቃ ገብ ማመልከቻው ላይ መግለጽ ይችላሉ፤ ምንም ሳይዙ ከመቅረት ይሻላል። የማመልከቻው ቅጂ ለከሳሽም ለተከሳሽም ስለሚደርስ በበቂ ቁጥር አባዝተው ይዘው ይቅረቡ። የራስዎን ድርሻ ስለሚጠይቁ መዝገብ ቤቱ የዳኝነት ክፍያ ሊያነሳብዎት ይችላልና ገንዘብ ሳይዙ አይሂዱ።

ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ እርስዎ ተመልካች አይደሉም። የክሱና የመልሱ ቅጂ ይሰጥዎታል፤ ማስረጃ ያቀርባሉ፤ የከሳሹን ምስክር መስቀለኛ ይጠይቃሉ፤ ቢሸነፉ ይግባኝ ይላሉ። ቤቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥ፣ ስሙ እንዳይዛወር በቁጥር 154 መሠረት ዕግድ መጠየቅም ይችላሉ፤ እኔ ብሆን ከጣልቃ ገብነቱ ማመልከቻ ጋር በአንድ ቀን አስገባው ነበር። ጣልቃ ገብ የግድ ከአንዱ ወገን መሰለፍ አለበት የሚሉም አሉ፤ አይደለም። እርስዎ ከሳሹን «ድርሻዬን አልገዛህም»፣ ተከሳሿን «ድርሻዬን አልሸጥሽም» የሚሉ፣ ከሁለቱም ጋር የሚከራከሩ ሰው ነዎት።

መግባት የሚያስከፍለውም አለ። ከገቡ በኋላ ፍርዱ ያስርዎታል። በቁጥር 5 መሠረት በእነዚያው ተከራካሪዎች መካከል በመጨረሻ የተወሰነ ጉዳይ ዳግመኛ አይታይም፤ ተሸንፈው ሲያበቁ እንደ አዲስ ልክሰስ ማለት አይቻልም። ኪሳራ፣ ማለትም የሌላው ወገን የክርክር ወጪ፣ እንዲከፍሉም ሊወሰንብዎት ይችላል። ስለዚህ ያለዎትን ሰነድ ሁሉ በዚህ መዝገብ ያውጡ፤ ለሌላ ጊዜ ብለው የሚያስቀምጡት ማስረጃ ላይኖር ይችላል።

ለምስክርነት የቀረበው ሰው ከዚህ ሁሉ አንዱም የለውም። ምስክር የሚያውቀውን ተናግሮ ይወጣል፤ የሚጠይቀው ዳኝነት የለውም፣ ይግባኝ አይልም። ጉዳዩ የራስዎ ሆኖ ሳለ ምስክር ሆነው መቅረብዎ መብትዎን አያስከብርም፤ የባሰው ደግሞ በኋላ መጥተው ፍርዱን ሲቃወሙ ከሳሹ «ክርክሩን እያወቀ፣ ችሎት ቆሞ እየመሰከረ ዝም ብሏል» የሚል ነጥብ ያገኝብዎታል።

ቁጥር 43ን ደግሞ ከቁጥር 41 ጋር ማምታታት የተለመደ ነው፤ ለዚህም የፍርድ ቤት አጻጻፋችን ራሱ ድርሻ አለው። የመኪና አደጋ ፍርድ ቢያነቡ «ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ ጣልቃ ገብ» ተብሎ ጣልቃ ገቡ መድን ድርጅት ሆኖ ያገኙታል። መድን ድርጅቱ ግን ወድዶ አልገባም። የሆነው ይህ ነው፦ አንድ የጭነት መኪና እግረኛ ይገጫል፤ ተጎጂው ባለመኪናውን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 ይከሰዋል፤ በዚህ ቁጥር ባለመኪናው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ባለመኪናው መልሱን ሲሰጥ የመድን ውሉን አያይዞ «ቢፈረድብኝ የሚከፍልልኝ እሱ ነውና በቁጥር 43 መሠረት ይግባልኝ» ይላል። ፍርድ ቤቱ ከፈቀደ ክሱና መልሱ ለመድን ድርጅቱ ይደርሰዋል፤ ድርጅቱም ከእሱ በተጠየቀው ድርሻ ወይም ካሳ መጠን ልክ እንደ ተከሳሽ ይቆጠራል። በመዝገቡ ርዕስ ላይ «ጣልቃ ገብ» ተብሎ ተጻፈ እንጂ የገባው በሌላ በር ነው። ይህ ልዩነት ዋጋ አለው፤ በቁጥር 41 የሚገባ ሰው የራሱን መብት ይዞ ይመጣል፣ በቁጥር 43 የሚገባው የሌላውን ዕዳ ሊጋራ ወይም ሊሸፍን ይመጣል።

በዚሁ በቁጥር 43 ላይ ጠበቆችም ጭምር የሚሠሩት ስህተት አለ። ተከሳሹ «ገንዘቡን የወሰድኩት እኔ አይደለሁም፣ እገሌ ነው» ብሎ እገሌ በቁጥር 43 ይግባልኝ ይላል። ይህ ቁጥር 43 አይደለም። ቁጥር 43 የሚፈልገው በተከሳሹና በሦስተኛው ሰው መካከል የመሸፈን ወይም የመጋራት ግዴታ መኖሩን ነው፤ ውል፣ ሕግ፣ የጋራ ጥፋት። «እኔ ሳልሆን እሱ» የሚለው መከላከያ ነው፤ ከሳሹ ትክክለኛውን ሰው ይክሰስ ማለት ነው። ፍርድ ቤቱ ያ ሰው ሳይኖር ጉዳዩን በሙሉ መወሰን አልችልም ካለ በቁጥር 40 ራሱ እንዲጨመር ሊያዝ ይችላል፤ ይህም ሌላ በር ነው፤ ጠሪው ዳኛው ነው። እንዲያውም በእርስዎ ጉዳይ ዳኛው ቤቱ የውርስ መሆኑን ከሰነዱ ካየ እርስዎ ሳይጠይቁ ሊያስጠራዎት ይችል ነበር፤ ግን ያንን ተስፋ አድርጎ መቀመጥ አይገባም። ዐቃቤ ሕግ በቁጥር 42 የሚገባበት መንገድም አለ፤ የእርስዎን አይመለከትም፣ አልፈዋለሁ።

ቁጥር 43 ወደፊት በራስዎ ጉዳይ ሊመጣ የሚችለው በተገላቢጦሽ ነው። ገዢው ቤቱን ተረክቦ ቢሆንና እርስዎ ድርሻዬን መልስ ብለው ቢከሱት፣ እሱ ሻጯን፣ እህትዎን፣ በቁጥር 43 ይጠራታል፤ ሻጭ የሸጠው ነገር በሌላ ሰው መብት ከገዢው እጅ ቢወጣ ለገዢው ዋስ ነውና።

አሁን «ፍርዱ ሲወጣ ትቃወማላችሁ» ያለው ሰው ስለሚያስበው ነገር። ይህ ቁጥር 358 ነው፤ እውነት ነው፣ አለ። በክርክሩ ተካፋይ መሆን የሚገባው ወይም የሚችል ሰው፣ በራሱም ሆነ በወኪሉ ተካፋይ ሳይሆን ቀርቶ በፍርዱ መብቱ ከተነካ፣ ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት በቃለ መሐላ የተደገፈ መቃወሚያ ማቅረብ ይችላል። ፍርድ ቤቱም ሁሉንም ሰምቶ ፍርዱን ሊያጸና፣ ሊለውጥ ወይም ሊሰርዝ ይችላል። ታዲያ ለምን አሁኑኑ ይግቡ እላለሁ? መቃወሚያው የሚቀርበው ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት ስለሆነ ነው። ከሳሹ ፍርዱን በያዘ ማግስት አፈጻጸም ከከፈተ፣ ስሙ ከተዛወረና ቤቱን ከተረከበ፣ ይህ በር ይዘጋል፤ የሚቀርዎት አዲስ ክስና ረጅም ክርክር ነው። በእጅዎ የቆመውን መዝገብ ትተው ከአፈጻጸም ጋር ሩጫ መግጠም ለምን ያስፈልጋል?

አፈጻጸም ካነሳሁ አይቀር ከ358 ጋር የሚምታታው ቁጥር 418 ነው። ልዩነቱ እንዲህ ነው፦ ፍርዱ ራሱ ቤቱ የእገሌ ነው ብሎ መብትዎን ከነካ 358 ነው። ፍርዱ ግን ስለ ገንዘብ ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ እህትዎ ለአበዳሪ ይህን ያህል ብር ትክፈል ተብሎ ከተፈረደና አበዳሪው ለማስፈጸም የጋራውን ቤት ካስከበረ (ለዕዳው እንዲያዝ ካደረገ)፣ በፍርዱ ላይ የሚሉት የለዎትም፤ ዕዳው የእሷ ነው። የተነካብዎት በመከበሩ ነውና በ418 «የተከበረው የእኔም ነው» ይላሉ። በ358 ፋንታ 418ን፣ በ418 ፋንታ 358ን ይዞ የመጣ ሰው ማመልከቻው ውድቅ ሆኖበት በመሃል የሐራጅ ቀን ይደርስበታል።

ከሁሉም የሚለየው «የፍርድ ቤት ወዳጅ» የሚባለው ነው፤ ባለፉት ዓመታት ስሙ ስለተለመደ ልጥቀሰው። ይህ ሰው በክርክሩ ምንም ጥቅም የለውም፤ የሚያቀርበው ሙያዊ አስተያየት ነው። በ2012 ዓ.ም. የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ምርጫውን ስለማራዘም ሲመረምር የሕግ ባለሙያዎችን አስተያየት በአደባባይ መስማቱን ያስታውሱ ይሆናል። እነዚያ ባለሙያዎች ተከራካሪ አልነበሩም፤ ያሸነፉትም የተሸነፉትም ነገር የለም። አንድ ማኅበር ስለ ወራሾች መብት ለፍርድ ቤትዎ አስተያየት ልጻፍ ቢል በጎ ነው፤ በእርስዎ ምትክ ግን አይቆምም።

ስለ ወንድምዎ። ውጭ አገር ሆኖ ውክልና መስጠት ይችላል፤ ግን ውክልናው ባለበት አገር ባለው ኤምባሲ ወይም ቆንስላ አልፎ፣ እዚህ ደግሞ ተረጋግጦ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል፤ ቀጠሮዎ አይጠብቀውም። እሱን ሲጠብቁ ቀኑን አያሳልፉ። እርስዎ በራስዎ ስም፣ በራስዎ አንድ ሦስተኛ ብቻ ይግቡ፤ የወንድምዎን ድርሻ ያለ ውክልና በማመልከቻው አይጠይቁ፤ ከጠየቁ ከሳሹ መጀመሪያ የሚያነሳው መቃወሚያ እሱ ይሆናል። ሌላ ወራሽ መኖሩን ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግለጹ፤ ዳኛው በቁጥር 40 እንዲያስጠራው መነሻ ይሆነዋል። ውክልናው ሲደርስ፣ ፍርድ እስካልተሰጠ ድረስ፣ ወንድምዎ በዚያው በቁጥር 41 በእርስዎ ጎን ይገባል።